የነፋስ ተርባይን ወደ ወረዳችሁ ሲመጣ፦ ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት የሚሠራ ሥራ

የነፋስ ኃይል ማመንጫ ውል የሚፈረመው አዲስ አበባ ነው፤ ተርባይኑ የሚቆመው ግን አንድ ቀበሌ ውስጥ፣ የአንድ አርሶ አደር ማሳ ላይ ነው። አዳማ አንድ 34 ተርባይን ይዞ 51 ሜጋ ዋት፣ አዳማ ሁለት 102 ተርባይን ይዞ 153 ሜጋ ዋት፣ መቀሌ አጠገብ ያለው አሸጎዳ ደግሞ 84 ተርባይን ይዞ 120 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ ነው የተተከሉት። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጀርባ መንገድ፣ ካሳ፣ የጎርፍ መውረጃና የግጦሽ መሬት አለ። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለወረዳ የመሬት አስተዳደርና የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች፣ ለቀበሌ አመራሮች እንዲሁም መሬታቸው በዕቅዱ ውስጥ ለገባ አርሶ አደሮች ነው።

ከሁሉ የሚቀድመው ጊዜ ነው። ንድፉ ገና ወረቀት ላይ ሳለ አንድን ተርባይን 100 ሜትር ማዛወር የኮምፒውተር ሥራ ብቻ ነው። መሠረቱ ከተሞላ በኋላ ግን ከ400 እስከ 500 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ለ20 ወይም ለ25 ዓመት ከቦታው አይነቃነቅም። ስለዚህ ወረዳው ሥራ መጀመር ያለበት የግንባታ ማሽን ሲገባ ሳይሆን የነፋስ መለኪያው ማማ ሲተከል ነው። በሽቦ የተወጠረ ቀጭን የብረት ማማ ኮረብታችሁ ላይ ካያችሁ ሰዓቱ መቁጠር ጀምሯል። ልኬቱ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት ይወስዳል። በደጋችን ነፋሱ በበጋ ይበረታል፣ በሐምሌና በነሐሴ ይደክማል፤ የጥቂት ወራት ልኬት ስለ ዓመቱ እውነቱን አይናገርም። ያ ዓመት ለኩባንያው የመለኪያ ጊዜ ነው፣ ለወረዳው ደግሞ የዝግጅት።

የራሳችሁን ካርታ ሥሩ

ጂፒኤስ ያለው ስልክ ይበቃል። ማማው ካለበት ቦታ ተነሥታችሁ በዙሪያው ያለውን እያንዳንዱን ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ኬላ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ የመቃብር ቦታ፣ ምንጭ፣ ከብት የሚነዳበት መንገድ፣ ታቦት የሚወርድበት መስመርና ሰው የሚሰበሰብበት ዋርካ መዝግቡ። አማካሪ ድርጅቶች ቤት የሚቆጥሩት ብዙ ጊዜ ከሳተላይት ምስል ላይ ነው። የሣር ክዳን ጎጆ ከምስሉ ላይ ይጠፋል፣ ሰው የማይኖርበት የእህል መጋዘን ደግሞ ቤት ተብሎ ይቆጠራል። የእናንተ ዝርዝር ቀድሞ ከተዘጋጀና በደብዳቤ ከገባ የጥናቱ መነሻ እሱ ይሆናል።

ከዚያ ስለ መሬቱ ስፋት የሚነገረውን በራሳችሁ እስክሪብቶ አስሉ። አሜሪካ ውስጥ በተሠሩ ብዙ ጣቢያዎች ላይ የተደረገ ልኬት እንደሚያሳየው ለአንድ ሜጋ ዋት በጠቅላላው 34 ሄክታር ገደማ ይከለላል፤ በቋሚነት የሚወሰደው ግን በአማካይ 0.3 ሄክታር፣ በግንባታ ጊዜ ብቻ የሚያዘው 0.7 ሄክታር ነው። ለ100 ሜጋ ዋት ጣቢያ 30 ሄክታር ቋሚ፣ 70 ሄክታር ጊዜያዊ ማለት ነው። በተርባይኖቹ መካከል ማረስም ማሰማራትም ይቀጥላል።

30 ሄክታር ትንሽ ይመስላል። ስህተቱ የሚጀምረውም እዚህ ነው። አብዛኛው ከ5 እስከ 6 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ ነው፤ 40 ኪሎ ሜትር መንገድ በ6 ሜትር ሲባዛ 24 ሄክታር ይሆናል። ያ መንገድ የጥቂት ሰዎችን መሬት ሙሉ በሙሉ አይወስድም፤ የብዙ መቶ ሰዎችን ማሳ ይቆርጣል። ማሳን በሰያፍ የቆረጠ መንገድ በሁለቱም ጎን ሹል ጥግ ይተዋል፣ እዚያ ጥግ ላይ ጥማድ በሬ መዞር አይችልም። በሰነዱ ላይ የተወሰደው 300 ካሬ ሜትር ነው ይባላል፤ አርሶ አደሩ ማረስ ያቆመው ግን 600 ነው። ሁለት ነገር ጠይቁ፦ መንገዱ በተቻለ መጠን የማሳ ወሰንን ተከትሎ ይሂድ፤ ማለፍ ካልተቻለ ደግሞ ሊታረስ የማይችለው ቁራጭ ተለክቶ በካሳው ውስጥ ይግባ።

ፈቃዱና ቅደም ተከተሉ

የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ያለ ፈቃድ እንዳይጀመር ይከለክላል፣ ሪፖርቱም ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። ሪፖርቱ ከቀረበ በኋላ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ውሳኔ የሚሰጠው በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ነው። በ15 ቀን ውስጥ ወፍራም ሰነድ አንብቦ፣ ቀበሌ ጠርቶ፣ ሐሳብ ሰብስቦ መመለስ አይቻልም። ስለዚህ ገና የጥናቱ ወሰን ሲወሰን፣ ምን ይጠና የሚለው ሲጻፍ ግቡበት። ማጠቃለያው በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ እንዲዘጋጅ በዚያን ጊዜ ጠይቁ፤ ጥናቱ ካለቀ በኋላ የሚተረጉም ሰው አታገኙም።

የሕዝብ ውይይት ቃለ ጉባኤ ላይ ፊርማ ብቻ አይበቃም። ብዙ ጊዜ የምናየው አንድ ገጽ ጽሑፍና አምስት ገጽ ፊርማ ነው፤ ተሰብሳቢው ምን እንደጠየቀና ምን እንደተመለሰለት የለም። ጥያቄው፣ መልሱ፣ መልስ ያላገኘው ጥያቄና መልሱ የሚመጣበት ቀን ይጻፍ። ሴቶችን ለብቻ ሰብስቡ፤ ውሃ የሚቀዱበት መንገድና ማገዶ የሚለቅሙበት ቦታ በጋራ ስብሰባ ላይ አይነሣም።

አውሮፕላን ማረፊያ በአካባቢው ካለ ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን፣ ጥንታዊ መቃብር ወይም ፍርስራሽ ካለ ከቅርስ ባለሥልጣን ደብዳቤ ይቅረብ። እነዚህ ሁለቱ ዘግይተው ሲመጡ ሙሉ ረድፍ ተርባይን ያስነሣሉ።

ርቀት፣ ድምፅና ጥላ

ለደኅንነት የሚያዘው ዝቅተኛ ርቀት በዓለም ባንክ ቡድን መመሪያ የተርባይኑ ጠቅላላ ቁመት 1.5 ጊዜ ነው። ማማው 90 ሜትር፣ አንዱ ክንፍ 65 ሜትር ከሆነ ቁመቱ 155 ሜትር ይሆናል፤ በ1.5 ሲባዛ 232 ሜትር ተኩል። ይህ ክንፍ ቢሰበር ወይም ማማው ቢወድቅ ሰው እንዳይጎዳ የሚያስፈልግ ርቀት ነው። እንቅልፍን አይጠብቅም። 232 ሜትር ካለፈ ምንም የለም የሚላችሁ ካለ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን እየቀላቀለ ነው።

ለድምፅ በ2 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያለው ቤት ሁሉ በስሌቱ ውስጥ መግባት አለበት። ነፋሱ በሰከንድ 10 ሜትር ሲነፍስ ቤቱ ዘንድ የሚደርሰው ድምፅ ከ35 ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ) በታች ከሆነ ቀላሉ ስሌት ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ዝርዝር ጥናት ያስፈልጋል። ለመኖሪያ ቦታ ጣሪያው በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ይሁን እንጂ መኪናና ወፍጮ በሌለበት የገጠር ሌሊት 45 ዴሲቤል በግልጽ ይሰማል። የእኛ ምክር በውሉ ውስጥ ለሌሊት 40 እንዲጻፍ መጠየቅ ነው፤ በዕቅድ ደረጃ ይህን ማሟላት የሚያስከፍለው ጥቂት ተርባይኖችን ማንቀሳቀስ ነው። ከግንባታ በፊት ያለው ድምፅም ይለካ፣ ነፋስ ባለበት ሌሊት። የውቂያ ወቅትን፣ የማኅሌት ሌሊትንና የክረምት ዝናብን አስወግዱ፤ በእነዚህ ቀናት የተለካ ድምፅ አካባቢው ቀድሞም ጫጫታ የነበረበት ያስመስለዋል።

የሚሽከረከር ክንፍ ጥላ ቤት ላይ ብልጭ ድርግም ሲል በጣም ያውካል። ገደቡ በዓመት 30 ሰዓት፣ በከፋው ቀን 30 ደቂቃ ነው። ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከምሥራቅ አካባቢ ወጥታ ወደ ምዕራብ ትገባለች፤ ረጅሙ ጥላ ከትክክለኛው ምሥራቅና ምዕራብ መስመር ከ25 ዲግሪ ብዙም ርቆ አይሄድም። 150 ሜትር ቁመት ያለው ተርባይን ፀሐይ ከአድማስ 10 ዲግሪ ከፍ ስትል 850 ሜትር፣ 20 ዲግሪ ስትደርስ 410 ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። በስተ ምዕራብ ያለው ቤት በማለዳ፣ በስተ ምሥራቅ ያለው ከሰዓት በኋላ ያገኘዋል፤ በሰሜንና በደቡብ ያለው ብዙ አይነካውም።

ይህ ከረድፎቹ አቀማመጥ ጋር ይገናኛል። ተርባይኖች በነፋሱ አቅጣጫ ክንፎቹ ሲሽከረከሩ በሚሠሩት ክብ ወርድ ከ5 እስከ 9 እጥፍ፣ በጎን ለጎን ደግሞ ከ3 እስከ 5 እጥፍ ይራራቃሉ። ዋናው ነፋስ ከምሥራቅ በሚመጣበት ኮረብታ ረድፎቹ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይዘረጋሉ፣ በረድፎቹ መካከል ያለው ሰፊ ክፍተትም ምሥራቅና ምዕራብ ይሆናል። እዚያ ሰፊ ክፍተት ውስጥ ያለው መንደር ከተርባይን የራቀ ይመስላል፤ ጥላው የሚበዛበት ግን እዚያው ነው፣ በጠዋት ከአንዱ ረድፍ፣ በማታ ከሌላው። ለእያንዳንዱ ቤት የተሰላውን ሰዓት በሠንጠረዥ ጠይቁ። ከገደቡ ያለፈ ካለ ተርባይኑ ይነሣ ወይም በእነዚያ ደቂቃዎች ራሱ እንዲቆም ተደርጎ ይስተካከል።

አሞራና ንስር

የስምጥ ሸለቆ ብርዱን ሽሽት ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚንሳፈፉ ወፎች ከሚያልፉባቸው የዓለም ዋና መስመሮች አንዱ ነው። ንስር፣ ጭልፊትና ጥንብ አንሳ የሚወጡት ገደል አፋፍ ላይ በሚነሣ አየር ነው፣ ተርባይን የሚፈለግበትም አፋፍ ያው ነው። አብዛኛው ጥንብ አንሳ በዓመት አንድ እንቁላል ብቻ የሚጥል በመሆኑ ጥቂት ወፎች መሞታቸው መንጋውን ይጎዳል። ቆጠራው ሙሉ ዓመት ይሸፍን፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለው የጉዞ ጊዜ መታለፍ የለበትም። በእያንዳንዱ መመልከቻ ነጥብ በየወቅቱ ቢያንስ 36 ሰዓት መቆጠሩን በሪፖርቱ ላይ አረጋግጡ። በሁለት ሳምንት ጉብኝት የተጻፈ የወፍ ዝርዝር ቆጠራ አይደለም።

እዚህ ላይ ከኩባንያው ይልቅ ወረዳው ኃላፊነት አለበት። ሜዳ ላይ የተጣለ የሞተ ከብት፣ ክፍት ቄራና የቆሻሻ መጣያ ጥንብ አንሳን ከሩቅ ይጠራል። በጣቢያው ክልል የሞተ ከብት በዕለቱ የሚቀበርበት ደንብ አውጡ፣ ቀባሪውንና የሚከፈለውን ወስኑ፣ አዲስ ቄራ ወይም መጣያ በዚያ አቅጣጫ አትፍቀዱ። በጉዞው ወቅት ወፍ ሲቃረብ ተርባይን የሚያስቆም ተመልካች መቅጠር በግብፅ የስዊዝ ባሕረ ሰላጤ የተሠራበት መፍትሔ ነው፣ ለአካባቢ ወጣትም ሥራ ይሆናል። ለሌሊት ወፍ ደግሞ ነፋሱ በሰከንድ 5 ሜትር እስኪደርስ ተርባይኑ ሥራ እንዳይጀምር ማድረግ ሞትን በእጅጉ ይቀንሳል፤ የሚጠፋው ኃይል ጥቂት ነው።

መንገድ፣ አፈርና ውሃ

ከተርባይኑ ይልቅ መሬት የሚጎዳው መንገዱ ነው። መንገድ ውሃ ይሰበስባል፤ ቱቦው በወጣበት ያፈሰዋል፤ ቱቦው ሥር ያለው ማሳ በሁለት ክረምት ቦረቦር ይሆናል። ተቋራጩ ቱቦውን የሚያስቀምጠው ለመንገዱ በሚመች ቦታ ነው። ወረዳው ማየት ያለበት ከቱቦው አፍ በኋላ ያለውን ነው። እያንዳንዱ ቱቦ ወደ ነባር የውሃ መውረጃ ይግባ፣ አፉ ላይ ድንጋይ ይደርደር፣ ቁልቁለቱ ላይ ክትር ይሠራ፣ የተቆረጠ እርከን ካለ ከክረምት በፊት ይጠገን። በሥራ ዝርዝሩና በዋጋው ውስጥ ካልተጻፈ አይሠራም፤ «ተገቢው ጥበቃ ይደረጋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ምንም አያስሠራም። የቱቦዎቹን ቦታ የሚያሳየውን ካርታ ይዛችሁ በእግር ሂዱ፣ ቢቻል ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት።

መሬቱ መረሬ ከሆነ ጥንቃቄው ይጨምራል። ጥቁር አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ከባድ መኪና ከገባበት ተጠቅጥቆ ለዓመታት ምርት ይቀንሳል። በዚያ መሬት ላይ ከባድ ማጓጓዝ ከሰኔ እስከ መስከረም እንዳይኖር በውሉ አስገቡ። በላይ ያለው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ለም አፈር ለብቻው ተገፎ፣ ከ2 ሜትር በማይበልጥ ክምር ይቀመጥ፣ ከሥሩ ካለው አፈር ጋር አይቀላቀል። ጊዜያዊ መሬት ሲመለስ መጀመሪያ ይታረስ፣ ከዚያ ለሙ አፈር ይልበስ። ያልታረሰ ጠጣር ላይ የተበተነ አፈር በመጀመሪያው ጎርፍ ይሄዳል።

አንድ መሠረት የሚሞላው ሳይቋረጥ፣ በአንድ ጊዜ ነው። 500 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ለእያንዳንዱ ሜትር ኩብ 180 ሊትር ውሃ ቢፈልግ 90,000 ሊትር ይሆናል፤ ለ30 ተርባይን 2.7 ሚሊዮን ሊትር፣ የአቧራ ማጥፊያውን ሳይጨምር። ይህ ውሃ ከየት እንደሚቀዳ በስም ይጻፍ። በመጋቢትና በሚያዝያ ከመንደር ጉድጓድ መቅዳት ይከልከል። 500 ሜትር ኩብ በ8 ሜትር ኩብ መኪና ሲከፈል ከ60 በላይ ምልልስ ነው፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ። ተማሪ ወደ ትምህርት ቤት በሚሄድበትና በሚመለስበት ሰዓት፣ በገበያ ቀንም መኪናው እንዲቆም ፕሮግራሙን ቀድማችሁ ስጡ።

ካሳ

አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተነሺዎች ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ልማቱ እንዲነገራቸውና እንዲወያዩ፣ ካሳውም መሬቱን ከመልቀቃቸው በፊት እንዲከፈል ደንግጓል፤ አዋጁ በኋላ ስለተሻሻለ የአሁኑን ጽሑፍ አመሳክሩ። ምትክ መሬት ካልተገኘ በቋሚነት ለሚለቅ አርሶ አደር ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ይባዛል። ለማሳያ ያህል፣ ከሩብ ሄክታር 5 ኩንታል ጤፍ በኩንታል 10,000 ብር ከተሸጠ ገቢው 50,000፣ በ15 ሲባዛ 750,000 ብር ነው። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ጭዱ ነው። ከጤፍ በኋላ በእርጥበት የሚዘራ ጓያ ወይም ሽምብራም እንዲሁ። በ15 የሚባዛ ነገር ስለሆነ በአንድ ዓመት የ8,000 ብር ጭድ መርሳት 120,000 ብር ያስቀራል።

ክፍያው በባልና በሚስት የጋራ ስም ይግባ፣ የይዞታ ደብተሩ ላይ ያለው ስምም ከዝርዝሩ ጋር ይመሳከር። የሞተ ሰው ስም በደብተር ላይ ካለ የውርሱ ጉዳይ አሁን ይጨረስ። እኩል አራሹ የመሬት መብት የለውም፣ ቆሞ ባለው ሰብል ላይ ግን ድርሻ አለው። የጋራ ግጦሽ ከተነካ ተጠቃሚ አባወራዎችና እማወራዎች በዝርዝር ይመዝገቡ። ቅሬታ ያለው ሰው ትዕዛዙ ከደረሰው ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው ማቅረብ አለበት፤ ቀበሌው ይህን ቀን በስብሰባ ሳይሆን በጽሑፍ ለእያንዳንዱ ይስጥ።

የመሬት ጉዳይ በደንብ ያልታሰረ ፕሮጀክት ምን እንደሚገጥመው ጎረቤት ኬንያ ታሳያለች። በኪናንጎፕ 60 ሜጋ ዋት ገደማ ሊያመነጭ የታቀደው ጣቢያ ከነዋሪው ጋር በተነሣ የመሬት ክርክር ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2016 ተሰረዘ። 365 ተርባይኖች ያሉት የቱርካና ሐይቅ ጣቢያ ሥራ ከጀመረ ዓመታት ካለፉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2021 ፍርድ ቤት የመሬቱ ባለቤትነት ሰነድ የተሰጠበትን መንገድ ሕገ ወጥ ብሎታል።

ከግንባታ በኋላ የሚመጣው ችግር

ጣቢያው 25 ዓመት ይቆያል፤ የከተማ መዋቅራዊ ፕላን የሚያገለግለው 10 ዓመት ነው። በመካከሉ ልጆች ያድጋሉ፣ ጎጆ ይወጣሉ፣ ቀበሌው የቤት ቦታ ይሰጣል። ተርባይኑ ሲተከል ማንም ያልነበረበት ቦታ ከ8 ዓመት በኋላ 20 ቤት ይኖርበታል፣ የድምፅ ክርክሩም ያኔ ይነሣል። የርቀቱን ክልል በወረዳው የመሬት አጠቃቀም ካርታ ላይ ቀለም ቀብታችሁ አጽድቁ፣ ግልባጩም ቦታ በሚመራው ክፍል ግድግዳ ላይ ይሰቀል። ለወጣቶቹ ደግሞ ከክልሉ ውጭ ምትክ መንደር አሁን ይታሰብ፤ ክልከላ ብቻውን አይጠበቅም። ባሕር ዛፍም እንዲሁ ነው። 20 ሜትር ያደገ ደን ነፋስ ያውካል፣ ኩባንያው እንዳይተከል ይፈልጋል። ያ የገቢ ገደብ ስለሆነ በቃል ሳይሆን በውልና በክፍያ ይሁን።

ስለ መብራት ሳይሸፋፈን ተናገሩ። ከተርባይኑ የሚወጣው ኃይል በከፍተኛ መስመር ይሄዳል እንጂ በቀጥታ ወደ መንደር አይገባም። ማመንጨትና ማስተላለፍ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለቤት ማዳረስ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራ ነው። የቀበሌው መብራት የተለየ በጀት፣ የተለየ ትራንስፎርመርና የተለየ ደብዳቤ ይፈልጋል፤ ጥያቄውም ከግንባታው ጋር አብሮ ይሂድ። ስለ ሥራ ዕድልም እንዲሁ፦ በግንባታ ጊዜ መቶዎች ይቀጠራሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚቀሩት ጥበቃና ጥቂት ቴክኒሻኖች ናቸው። በአካባቢው ያለ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ወጣቶችን ከግንባታው በፊት ማሠልጠን ካልጀመረ ቴክኒሻኖቹ ከሌላ ቦታ ይመጣሉ።

በመጨረሻ፣ የማፍረሻው ገንዘብ። ማማው ብረት ነው፣ ይሸጣል። ክንፎቹ በአብዛኛው የመስታወት ጭረትና ሙጫ ናቸው፤ አይቀልጡም፣ ገዢም አያገኙም። ማርሽ ሳጥን ያላቸው ተርባይኖች እያንዳንዳቸው መቶዎች ሊትር ዘይት ይይዛሉ፣ ያገለገለው ዘይት የሚሄድበት ቦታ መታወቅ አለበት። መሠረቱ ቢያንስ ከመሬት በታች አንድ ሜትር ድረስ ተፈልፍሎ እንዲወጣና በለም አፈር እንዲሸፈን፣ ክንፎቹም በወረዳው ውስጥ እንዳይቀበሩ በፈቃዱ ሁኔታዎች ውስጥ አስገቡ። ለዚህ የሚሆን ዋስትና በባንክ ተይዞ በየጊዜው ይከለስ፣ ክለሳው ከ10ኛው ዓመት ባይዘገይ ይመረጣል። ባለቤትነቱ ከአንዱ ድርጅት ወደ ሌላው ቢተላለፍ ዋስትናው አብሮ እንደሚተላለፍም በዚያው አንቀጽ ይጻፍ።